ያልተጻፈው ዋጋ፤ የቤት ኪራይ በከሚሴና በአካባቢዋ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቤት ኪራይ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ያዘነብላል። ስለ ቦሌ ይወራል፤ ስለ ኮንዶሚኒየም ይወራል፤ በዶላር ስለሚተመነው አፓርታማ ይወራል፤ ከዚያም ያ የዋና ከተማ ወሬ የመላ አገሪቱ የኪራይ ገበያ ሁኔታ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ከተሞች ከሚኖረው ተከራይ ብዙው ፎቅ ላይ የሚኖር አይደለም። የሚኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ ከባለቤቱ ቤት ጎን ለጎን በተሠራች ክፍል ነው፤ ደጁንም፣ መፀዳጃ ቤቱንም፣ የመብራት ቆጣሪውንም ከሌሎች ተከራዮች ጋር ይጋራል። ዛሬ ለምርመራ የተመረጠችው ከሚሴም ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከርእሰ ከተማው 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ረግረግ አካባቢ የተቈረቈረች የቆላ ከተማ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ስትሆን ዞኑ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ባቲንና ደዌ ሐረዋን ያቀፈ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ457 ሺህ በላይ፣ የከሚሴ ከተማ ነዋሪ ደግሞ ወደ 19 ሺህ ግድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቈጠራ ስላልተካሄደ ስለ ከተማዋ ቤቶች ብዛትና ስለ ተከራዩ ድርሻ የሚነገረው ሁሉ መነሻው ይኸው ያረጀ ቊጥር ነው። በነገራችን ላይ አንድን ከተማ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በተለካላት ልብስ እያለበሱ «ጠበባት» ወይም «ሰፋት» ብሎ መከራከር በሙያው ዘንድ የተለመደ ሆኗል፤ የሚያስመሰግን ግን አይደለም።

አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ የዞን መቀመጫ ስትሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣባት የቤት ጥያቄ ነው። መሥሪያ ቤቶች ይከፈታሉ፤ ለመሥሪያ ቤቶቹ ሠራተኞች ይመደባሉ፤ ሠራተኛውም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ ወይም ከዚያ ከራቀ ስፍራ ሻንጣውንና ፍራሹን ይዞ ይመጣል። ዐፈር አላብሶ ቤት የሚሠራበት ጊዜም ሆነ ገንዘብ የለውም። ከእርሱ ቀጥሎ መምህሩና የጤና ባለሙያው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የሹፌርና የረዳት ቤተሰብ፣ በመንገድ ዳር ሱቅ የከፈተው ነጋዴ ይመጣሉ። ከሁሉም ይልቅ ተረስቶ የሚቀረው ግን ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት የሚመጣው ወጣት ነው። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸውን ከቤታቸው ያመጣሉ፤ ኪራዩን በነፍስ ወከፍ ይካፈላሉ። አባትየው የልጁን ኪራይ የሚከፍለው ከማሽላው ወይም ከፍየሉ ሽያጭ በመሆኑ፣ የዚህች ክፍል ዋጋ ከደመወዝ ቀን ይልቅ ከገበያ ቀን ጋር የተያያዘ ነው።

ገበያ ከተነሣ ዘንድ የባቲና የሰንበቴ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የባቲ የሰኞ ገበያ የደጋው ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር ከጥንት ጀምሮ የሚገናኙበት ነው፤ የሰንበቴውም እሑድ እሑድ የሚውል ነው። በእንዲህ ያሉ የገበያ ከተሞች ቤት በወር ብቻ የሚከራይ አይደለም፤ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ ለእህል ማስቀመጫ፣ ለሸቀጥ ማሳደሪያም ይከራያል። ባለቤቱ ከገበያ ቀን የሚያገኘውን ከወር ተከራይ ከሚያገኘው ጋር እያመዛዘነ ስለሚወስን፣ የመኖሪያው ኪራይ የማይታይ ተወዳዳሪ አለው ማለት ነው። በከሚሴም በአስፋልቱ ዳር ያለው ክፍል ሱቅ መሆን እስከቻለ ድረስ መኖሪያ ሆኖ አይቀርም። ኗሪው ወደ ውስጥ፣ ወደ ጭቃው መንገድ ይገፋል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ ቢባል መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አለመኖሩ ነው። የዚህ ዓይነቱ ኪራይ የሚጸናው ባብዛኛው በቃል ነው። ደላላ ወይም የሥራ ባልደረባ ያገናኛል፤ ባለቤቲቱ ተከራዩን «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ? ትዳር አለህ?» ብላ ትጠይቃለች፤ የውኃው፣ የመብራቱ፣ በር የሚዘጋበት ሰዓት ይነገራል፤ የአንድ ወይም የሁለት ወር ክፍያ በእጅ ይሰጣል፤ ነገሩ አለቀ። ጠብ ሲነሣ ጎረቤትና ሽማግሌ ይዳኛል። ይህ ሥርዓት ደካማ ነው ብሎ ማናናቅ አይገባም፤ ተከራዩ ቡና ሲፈላ የሚጠራበት፣ ቢታመም የሚጠየቅበት፣ ደመወዝ ቢዘገይ የሚታገሥለት ሥርዓት ነው። ነገር ግን ዋጋን ለሚያጠና ሰው ከባድ እንቅፋት አለው፤ ይኸውም በአንድ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ዓይነት ክፍል ሁለት ዋጋ መኖሩ ነው። አንደኛው የነባሩ ተከራይ ዋጋ ነው፤ በዕውቅናና በይሉኝታ ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለተኛው የአዲስ ገቢው ዋጋ ነው፤ ደላላው የሚያውቀው እርሱን ብቻ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ቊጥሩ ለማስረዳት ያህል የተወሰደ እንጂ የተለካ አይደለም። ዐሥር ተመሳሳይ ክፍሎች አሉ እንበል። በስምንቱ የሚኖሩት ነባር ተከራዮች 1,500 ብር፣ በሁለቱ የገቡት አዲሶች ደግሞ 2,500 ብር ይከፍላሉ። አማካዩ 1,700 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ከነባሮቹ ሦስቱ በዝውውር ይሄዱና በምትካቸው ሦስት አዲሶች በዚያው በ2,500 ብር ይገባሉ። አሁን አማካዩ 2,000 ብር ሆነ። ጥናት አቅራቢው ይነሣና «ኪራይ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 18 ያህል ጨመረ» ይላል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ውስጥ በአንዱም ነባር ተከራይ ላይ ሳንቲም አልተጨመረበትም፤ ለአዲስ ገቢውም የተጠየቀው ዋጋ ያው ነው። የተለወጠው ሰዉ ነው። በሌላ በኩል ደላላውን ብቻ የጠየቀ ሰው የሁለቱንም ዓመት ዋጋ 2,500 ብር ነው ብሎ ይመዘግብና «ገበያው ጸጥ ብሏል» ሲል ይጽፋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን ተከራዩ የደረሰበትን አልተናገሩም። የተከራዩ እውነተኛ ጭንቀት በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው የ1,000 ብር ገደል ነውና፤ ከቤቱ ቢወጣ የሚወድቀው እዚያ ውስጥ ነው። ባለቤቱም ይህንኑ ገደል እያየ «ልጄን ልድር ነው፤ ክፍሏን እፈልጋታለሁ» የሚል ምክንያት ይፈልጋል። ሠርጉ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው።

ከዚህ ላይ የደመወዝ ነገር ሊነሣ ግድ ነው። መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ባስታወቀውና ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የአንድ አዲስ ዲግሪ ያዥ መነሻ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ዝቅተኛው 1,240 ብር፣ ዲግሪ ያዡ 4,560 ብር ጨመረለት ማለት ነው። ባለቤት ጆሮ ውስጥ የሚገባው ግን «ደመወዝ ተጨመረ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ቢበዛም የትልቁ ጭማሪ ወሬ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት መሐንዲስና አንድ የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ጎን ለጎን ተከራይተው ቢኖሩና ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት በሁለቱም ላይ እኩል 1,000 ብር ቢጨመርባቸው፣ ኪራዩ ከመሐንዲሱ የደመወዝ ጭማሪ ከመቶ 22 ያህሉን ይወስዳል፤ ከጥበቃው ጭማሪ ግን ከመቶ ከ80 በላይ ይወስዳል። ይህም ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይታሰብ ነው። ለጥበቃው የሚተርፈው 240 ብር የዘይቱን ይሁን የልጁን ደብተር ጭማሪ እንደማይሸፍን ለማወቅ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። በደመወዝ ጭማሪ ሰሞን በኪራይ ላይ የሚደርሰውን ጫና መመልከት ያለበት ሰው በየደመወዙ እርከን ለያይቶ ማየት ይገባዋል የሚባለው ስለዚህ ነው።

የቤቱን አቅርቦት በተመለከተ በዚህ አካባቢ አንድ ልዩ ምንጭ አለ። ከወሎ ቆላ ወደ ዐረብ አገር የሚሰደደው ወጣት የሚልከው ገንዘብ ነው። እኅት ወይም ወንድም ከጂዳ ወይም ከሪያድ በሚልከው ገንዘብ በመጀመሪያ የወላጆች ጣራ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ቀጥሎ አጥር ይታጠራል፤ ከዚያም በግቢው ዳር በብሎኬት ሦስት ወይም አራት ክፍሎች በመስመር ይቆማሉ። ክፍሎቹ ለወላጅ እንደ ጡረታ ይቆጠራሉ። ስለሆነም የከሚሴን ኪራይ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ባሕር ማዶም መጣል ይኖርበታል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ባደረገችው የማስወጣት ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሲመጣ የላኪው እጅ ታጥፎ ግድግዳው በጅምር ይቀራል፤ ተመላሹም ማደሪያ ፈላጊ ይሆናል። በአንድ ጊዜ አቅርቦቱ ይቆማል፣ ፍላጎቱ ይጨምራል።

ለግንባታ ብድር መውሰድም ለብዙው ሕዝብ የሚመች አልነበረም። የአካባቢው ነዋሪ አብላጫው ሙስሊም በመሆኑ ወለድ ያለበትን ብድር ይሸሻል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በነባር ባንኮች መስኮት መሰጠት ከጀመረና በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በሩ ተከፍቷል። ይሁንና የተከፈተው በር ለንግድ ሰፊ፣ ለመኖሪያ ቤት ጠባብ ነው። ቤት ሠሪው ዛሬም በጥሬ ገንዘቡና በዘመድ ድጋፍ በየወቅቱ ጥቂት በጥቂት ይገነባል። ይህ አዝጋሚ አሠራር ከዋጋ ንረት ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ እጥፍ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ወደ 100 ብርና ከዚያም በላይ ወርዷል። ፌሮው፣ ቆርቆሮው፣ የመብራት ገመዱ፣ ቀለሙ ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በጭቃና በባሕር ዛፍ ሊሠራ የሚችለው ክፍል ለዚህ ጫና እምብዛም ባይጋለጥም፣ ተከራዩም ሆነ ማዘጋጃ ቤቱ የሚፈልጉት ብሎኬቱን ነው። የሚያስገርመው ግን በዚያ የቆላ ሙቀት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከስስ ብሎኬትና ኮርኒስ ከሌለው ቆርቆሮ ይልቅ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ተከራይ በቀን ለሚያቃጥለው ክፍል አብልጦ ይከፍላል።

ጦርነትን ሳያነሡ የአካባቢውን የቤት ገበያ መተረክ አይቻልም። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ደረሰ፤ ከተማዋም እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በታጣቂ ኃይሎች እጅ ቆየች። ከዚያ ቀደም በ2013 ዓ.ም. በአጎራባቹ በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ በጥር 2015 ዓ.ም.ም በጅሌ ጥሙጋ በኩል ደም ፈስሷል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተስፋፋው ግጭት ደግሞ ጎዳናውን ደጋግሞ ዘግቷል። እንዲህ ባለ ዘመን ኪራይ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። ከዳር ሰፈር ሰው ይሸሻል፤ ክፍሎች ባዶ ይሆናሉ፤ ዋጋ ይወድቃል። የሸሸው ሰው ግን ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ከመሐል ከተማ፣ ከዘመድ አጠገብ፣ «የኛ ሰዎች አሉበት» ከሚለው ሰፈር ይጠጋል፤ በዚያ ዋጋ ይወጣል። ለአንድ ከተማ አንድ አማካይ ዋጋ ማውጣት በሰላም ጊዜ ስሕተት ነው፤ በግጭት ጊዜ ግን አንዱን ሰፈር ከሌላው የለየውን ፍርሃት መደበቅ ይሆናል። ባለቤቱም ተከራይ ሲመርጥ ከገንዘቡ በፊት ቋንቋውንና ወገኑን መጠየቅ ከጀመረ፣ ያ ጥያቄ በየትኛውም የዋጋ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ከሁሉ የከበደው ዋጋ ግን እርሱ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመለስ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ከቊጥር 2945 ጀምሮ የተደነገገው ክፍል ኪራዩን በመሠረቱ ለተዋዋዮቹ ስምምነት ይተወዋል። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ በወር እስከ 300 ብር በነበረው ኪራይ ላይ ከመቶ ከ15 እስከ 50 የሚደርስ ቅናሽ አደረገ። በዚያን ጊዜ ለተከራዩ የመጣው እፎይታ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ በዚያው ረግቶ ለዐሥርተ ዓመታት በመቆየቱ በየከተማው የቀበሌ ቤት ጣራው ሲያፈስ የሚጠግነው ጠፋ። ግብፅም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች፤ ከኻያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የታሰረውን የድሮ ኪራይ በሽግግር ጊዜ እንዲያበቃ የሚያደርገውን ሕግ ያወጣችው በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። የታሰረ ዋጋን ለመፍታት ከማሰሩ የበለጠ ጊዜና ድፍረት ይጠይቃል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቊጥር 1320/2016 ከሁለቱም ለየት ያለ ነው። ዋጋውን አያረጋም፤ ጭማሪውን ይቆጣጠራል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን እንዲደረግ ያዝዛል። አዲስ አበባ ይህን ሥራ ላይ ማዋል የጀመረችው በዚያው ዓመት ነበር። በክልል ከተሞች ግን ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ለከሚሴ መጠን ላለች ከተማ ጥያቄው የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው፤ ጭማሪን ለመቆጣጠር የተነሣበትን ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋልና። በቃል የተከራየች ክፍል መነሻ ዋጋዋ ምን ነበር? በምዝገባው ዕለት ባለቤቱ የሚያስመዘግበው የነባሩን ዋጋ ነው ወይስ በልቡ ያሰበውን የአዲሱን? ምዝገባው ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ ብቻ ነባሩን ተከራይ አስቀድሞ ለማስወጣት ምክንያት ሊሆን ይችላል። የኪራይ ገቢ ግብርም ሌላው ፍርሃት ነው፤ ባለቤቱ ተመዝግቦ ግብር ቢጠየቅ ግብሩን ወደ ኪራዩ እንደሚያዛውረው ተከራዩ ያውቃል። ስለዚህም ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ወረቀቱ ባይጻፍ ይመርጣሉ። ሕጉ ሊጠብቀው የተነሣው ተከራይ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ከሕጉ ይደበቃል።

ከዚህ ማነቆ ለመውጣት ምዝገባንና ግብር አሰባሰብን ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት መለያየት፣ ምዝገባውንም ከግብር ጽሕፈት ቤት አርቆ በቀበሌና በሽማግሌ በኩል ማካሄድ የሚሻል ይመስላል። ገቢ ሰብሳቢዎች ይህን ሐሳብ አይወዱትም፤ ተቃውሟቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከማይታወቅ ኪራይ የሚሰበሰብ ግብርም የለም። ሽማግሌው ደግሞ ክፍሏ መቼ እንደተሠራች፣ ማን እንደገባባት፣ ስንት እንደተስማሙ ከማንም መዝገብ የበለጠ ያስታውሳል።

የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ሆነው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በእያንዳንዱ ሰፈር ጥቂት ግቢዎች ተመርጠው፣ ከየግቢው ተከራዩ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደገባ፣ ሲገባ ስንት፣ አሁን ስንት እንደሚከፍል፣ ባለፈው ዓመት ከዚያው ግቢ ማን እንደወጣና ለምን እንደወጣ ቢጻፍ፣ የነባሩና የአዲሱ ዋጋ ተለይቶ ይታያል። ውኃና መብራት በኪራዩ ውስጥ መሆን አለመሆኑም አብሮ መጻፍ አለበት፤ አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤት በሆነበት ግቢ የኪራይ ጭማሪ ብዙ ጊዜ የሚገባው በመብራት ሒሳብ ስም ነውና። ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይጻፍ ይመረጣል። መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የሚዛወሩት፣ ተማሪዎችም ክፍል የሚፈልጉት ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሆነ መጠይቁ ከዚያ በፊት መዞር ይኖርበታል። አዋጁም ዓመታዊው የጭማሪ መጠን በሰኔ ወር መጨረሻ ይፋ እንዲሆን የሚጠይቅ እንደመሆኑ፣ መረጃው ለወሳኙ አካል እጅ መድረስ ያለበት ቢዘገይ በግንቦት አጋማሽ ነው።